የዳይሬክተሩ ሱሪ በመስኮት

እኔ ውሸት አልችልበትም። ብችልበት ኖሮ ይህ ሁሉ ጉድ ባልመጣ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልብስ ሳጥብና ስተኩስ ኖሬአለሁ፤ እድፍ ደግሞ መዋሸት አያውቅም። ሰውዬው "ሻይ ነው የፈሰሰብኝ" ብሎ ሸሚዙን ይሰጠኛል፤ አሸተዋለሁ፤ ሻይ አይደለም። አፌም ስለማያርፍ "ሻይስ አይደለም" እለዋለሁ። አባቴ ሥራውን ሲያስተምረኝ አንድ ደንብ ነበረው። ልብስ ስትቀበዪ ወረቀት በስፒል ሰክተሽ አራት ነገር ጻፊበት፤ የማን እንደሆነ፣ እድፉ የት እንዳለ፣ እድፉ ምን እንደሆነ፣ በምን ምክንያት እንደመጣ። "ምክንያቱን ሳታውቂ መድኃኒቱን አታውቂም" ይል ነበር። እኔም እስከ ዛሬ አንድም ልብስ ያለ ወረቀት ገንዳ ውስጥ ከትቼ አላውቅም።

ሱቄ ጠባብ ናት። ከፊት ትልቅ መስኮት አላት፤ መሀሏ ላይ የመተኮሻ ጠረጴዛ አለ፤ ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ደግሞ ያለቀለት ልብስ የሚሰቀልበት ረጅም ብረት ተዘርግቷል። ከኋላ ገንዳዎቹ ያሉበት ጓዳ አለ። ጓዳው ወደ ጠባቧ መተላለፊያ የሚያስወጣ የራሱ በር አለው። ይህን በር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቤቷ የአባታችን ነበረች፤ አሁን በታላቅ ወንድሜ ስም ናት። ጋሼ ነው የምለው። አንድ ሰኞ ጠዋት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ገባና ብረቱን ከዳር እስከ ዳር አየው። ዘጠኝ ልብስ ተሰቅሏል። ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ክፍት ክፍት ብሏል። ምን ላድርግ፣ ሰው ሁሉ ማሽን ገዝቷል፤ ማሽን የሌለው ማሽን ያለው ጎረቤት አለው።

"እህቴ፣ ደክሞሻል" አለኝ።

"አልደከመኝም።"

"ደክሞሻል። ልጅሽ ቤት ግቢና እረፊ። ቤቷን ለአማቼ ልስጠው፤ ሞባይል ይሸጥባት።"

"ብረቱ ቢሞላስ?"

ጋሼ ሰው ጨካኝ እንዳይለው የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ትንሽ አሰበና "ሦስት ሳምንት" አለ። "የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ብረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልብስ ከያዘ ሁለተኛ ስለዚህ ነገር አፌን አልከፍትም። ካልያዘ ቁልፉን ትሰጪኛለሽ።"

ልጄ ቤት ምን እንዳለ ልንገራችሁ። አንድ ለስላሳ ወንበር አለ። ምራቴ ደግ ሰው ናት፤ ደግነቷ ግን ያስጨንቃል። ብርጭቆ ላነሳ ስል "ኧረ እማማ ይቀመጡ" ትላለች። ሳህን ላጥብ ስል "ኧረ እማማ ይቀመጡ"። ባለፈው ሦስት ቀን ሰንብቼ ስመለስ ቂጤ ደንዝዞ ነበር። እኔ ቆሜ የኖርኩ ሴት ነኝ። ተቀምጬ መሞት አልፈልግም።

ጋሼ ሊወጣ ሲል የኮቱን ቀኝ እጅጌ አየሁት። አረንጓዴ ቀለም ነክቶታል። ግድግዳ ተደግፎ የነካው ቢሆን ተለቅልቆ ይታይ ነበር፤ ይኼ ግን ፍንጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ብሩሽ ይዞ የቀባ ሰው እድፍ ነው። ምን ቀብቶ ይሆን አልኩና ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ የጋሼ ትንሿ ልጅ መጣች። ባትሪ ነው የምላት፤ ስታወራም ስትሮጥም አያልቅባትም። ቀን ቀን መጻሕፍት ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ እኔ ጋ ትመጣለች። ፊቷን ቅጭም አድርጋ "አክስቴ፣ ሳልነግርሽ ሆዴ አልቻለም" አለችኝ። "የሞባይል ቤቱ ታፔላ ተሠርቷል። አረንጓዴ ነው። አባዬ ራሱ ቀባው፣ ሳሎናችን ውስጥ ቆሟል።"

ቤቱን መውሰዱ አንድ ነገር ነው፤ ታፔላውን ቀብቶ ጨርሶ "ሦስት ሳምንት" ማለት ግን ሌላ ነው። አልቅሼ ነበር፤ አልደብቃችሁም። ከዚያ ዓይኔን ጠርጌ "ምን ይሻላል?" አልኳት።

ባትሪ ለካ መድኃኒት ይዛ ነው የመጣችው። የወጣቶች ማዕከል ውስጥ ስለ ትናንሽ ንግድ ማስተዋወቅ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዳለች። ደብተሯን ገለጠች። "አሠልጣኛችን ምን አለ መሰለሽ? ትልቅ ድርጅት ገንዘብ አለው፤ ትንሽ ንግድ ግን አፍ ሊኖረው ይገባል።"

"አፉስ አለኝ" አልኳት።

የመጀመሪያው ዘዴ የኪስ ወረቀት ነበር። በእያንዳንዱ ንጹሕ ልብስ ኪስ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይገባል፤ ሰውየው ሲያገኛት ደስ ይለዋል፤ ለጎረቤቱ ይናገራል። ባትሪ "ልብስዎን በፍቅር ያጠብነው እኛ ነን" ብለሽ ጻፊ አለችኝ። "እኛ" የምትለዋ አልተዋጠችልኝም። ማን ነው እኛ? ብቻዬን ነኝ። ስለዚህ "ልብስህን በፍቅር ያጠብኩት እኔ ነኝ" ብዬ በቆንጆ ጽሕፈቴ ጻፍኩና የቧንቧ ሠራተኛው ጃኬት ኪስ ውስጥ ከተትኩ። በማግስቱ ሚስቱ ወረቀቷን እያውለበለበች በሩን በርግዳ ገባች። እኔ እርጥብ ሽርጥ ታጥቄ፣ ጸጉሬ በእንፋሎት ቆሞ፣ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ካውያ ይዤ ቆሜአለሁ። ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ይቅርታ እማማ" ብላ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛው ዘዴ ጎረቤትን ማስተዋወቅ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ለደንበኞቹ ስለ እኔ ይነግራል፤ እኔ ደግሞ ወደ ሱቄ ለገባ ሁሉ ስለ እሱ እነግራለሁ። ወጪ የለውም፤ አፍ ብቻ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ ነው፤ ዝምተኛ፣ አርባ ሊሞላው ምንም ያልቀረው ወንደላጤ ነው። ተስማማን። የመጀመሪያው ሰው ገባ። "ልብስህን ስታስረክብ ወዲያው ጎረቤት ግባ፤ ፀጉርህን ያሳምርልሃል" አልኩት። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። አንድም ፀጉር የለውም። "ቢሆንም ግባ፤ ስምምነት ስምምነት ነው" አልኩት። ልብሱን ይዞ ሄደ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለቀ። ብረቱ ላይ አሁን ሰባት ልብስ ቀርቷል። ባትሪ ግን ተስፋ መቁረጥ አልፈጠረባትም። "የመጨረሻው ዘዴ አለ" አለችኝ። "ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ ይባላል። ልብሱ ሳይታጠብ ፎቶ እናነሳዋለን፤ ታጥቦ እናነሳዋለን፤ ሁለቱን ጎን ለጎን መስኮቱ ላይ እንለጥፋለን። ሰው ሥራሽን በዓይኑ ያያል።"

ይኼኛው ደስ አለኝ። እውነት ነውና። ልብስ የሚመጣው ጠዋት ነው፤ ባትሪ የምትመጣው ከሰዓት ነው፤ ስለዚህ "ከዚህ በፊት" የሚለውን እኔ በአሮጌው ስልኳ አነሳሁ፤ "ከዚህ በኋላ" የሚለውን እሷ አነሳች። ፎቶ ቤት አሳጥበን ማክሰኞ ከሰዓት ለጠፍናቸውና እሷ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ ሱቅ ልዘጋ ስል ሁለት ሽማግሌዎች አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ያያሉ። "ይቺ ወረቀት ምን ትላለች?" ይላል አንዱ። "የጉንዳን እግር ነው፣ አይነበብም" ይላል ሌላው።

ለካስ እኔ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ላይ የስፒል ወረቀቶቹ እንደተሰኩ ናቸው። ያለ ወረቀት ልብስ አልነካም አላልኳችሁም? ሽማግሌዎቹ አሳዘኑኝ። ሥራ አሳያለሁ ብሎ ሰውን ዓይን ማስፈጀት ምን ይባላል? ወፍራም እስክሪብቶ አወጣሁና የእያንዳንዱን ወረቀት ቃል በትልቅ ወረቀት፣ በትልልቅ ፊደል፣ አንዲት ነጥብ ሳልቀንስ ገልብጬ ከየፎቶው ሥር ለጠፍኩ። አሁን ከመንገዱ ማዶ ይነበባል። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ረቡዕ ጠዋት ስመጣ መስኮቴ ላይ ሠላሳ ሰው ተኮልኩሏል። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው "እስቲ ድገማት" ይለዋል። ልቤ ቅቤ ጠጣ። እሰይ ባትሪዬ አልኩ በሆዴ። የሚነበበው ይህ ነበር፦

"የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ግራጫ ሱሪ። መቀመጫው ላይ። ቸኮሌት። ምክንያት፦ ከተማሪ ቀምተው የኋላ ኪሳቸው ከተው ረስተው ተቀመጡበት።"

"የፋርማሲስቷ ነጭ ጋዋን። አንገትጌው ላይ። የፀጉር ቀለም። ምክንያት፦ ፀጉሯ በተፈጥሮው ጥቁር አይደለም።"

"የፀጉር አስተካካዩ ሰማያዊ ሸሚዝ። ደረቱ ላይ። የከንፈር ቀለም። ምክንያት፦ እናቱ ናት ብሏል።"

ሌሎችም ነበሩ። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ "ግቡ፣ ግቡ" አልኩ። አንድም ሰው አልገባም። እንዲያውም ልብስ በእጁ የያዘ አንድ ሰውዬ አነበበና ልብሱን ብብቱ ሥር ደብቆ በፍጥነት ሄደ። ቀጥሎ ዳይሬክተሩ መጡ። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ እንደ ሸርጣን በጎን እየተራመዱ ገቡ።

"ሱሪዬን" አሉ።

"ገና አልተተኮሰም።"

"ሳይተኮስ እወስደዋለሁ። እትዬ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሳስተምር ማንም ወደ ኋላዬ ተመልክቶ አያውቅም። ዛሬ ሰልፍ ላይ ዞር ስል አራት መቶ ልጅ አንገቱን ዝቅ አድርጎ አየ።"

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል፤ ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ልብሱን ሊወስድ ነው የመጣው። ፋርማሲስቷ መጥታ ጋዋኗን ይዛ ሄደች። ፀጉር አስተካካዩ ሸሚዙን ሲወስድ "እትዬ፣ እናቴ እኮ ሰምታለች" ብቻ አለኝ። እኩለ ቀን ላይ ብረቱ ላይ የቀረው የኔው ሽርጥ ነበር።

ባትሪ ስትመጣ መስኮቱን አነበበች። እስከ መጨረሻው አነበበችና ገብታ የሳሙናው ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

"አክስቴ፣ ምን አደረግሽ?"

"አስተዋወቅኩ።"

ሁሉንም ነቀልነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ የሰው ገበና መሸፈን ነበር። በአንድ ምሽት መስኮት ላይ አሰጣሁት። ክፋት አልነበረኝም፤ ግን ክፋት ሳይኖር የሚሠራ ጥፋት አያሳፍርም ያለው ማነው? አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ። ለስላሳው ወንበር ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ሐሙስ ጠዋት ባዶ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሳለ የጓዳው በር ተንኳኳ። በዚያ በኩል የሚመጣ ሰው የለም። ብከፍተው የፖስታ ቤቷ ጸሐፊ ናት፤ በደረቅ ቀን ጃንጥላ ዘርግታ፣ ፊቷን ደብቃ፣ ትልቅ ፌስታል አቅፋለች።

"እትዬ፣ የዳይሬክተሩ ሱሪ በእውነት ለቆለታል?" አለች በሹክሹክታ።

"ለቋል እንጂ። ሁለተኛውን ፎቶ አላየሽውም?"

"አይቻለሁ። ለሱ ነው የመጣሁት።" ከፌስታሉ የሚያምር ነጭ ካፖርት አወጣች። ከታች እስከ ጉልበቱ ጠቁሯል። "አራት ዓመት ሣጥን ውስጥ ነው። አፍሬ ለማንም አላሳየሁትም። ትናንት ግን መስኮቱን አነበብኩና፣ እኚያ ሰው እንኳ ተቀምጠውበት የለም ወይ፣ የኔ ምን አለበት አልኩ።"

"ምንድን ነው እድፉ?"

"የጫማ ቀለም።"

"ምክንያቱ?"

ወደ መተላለፊያው ቀኝና ግራ አየችና በሩን ዘጋችው። "ቸኩዬ ጫማዬን ጠረግኩበት። አራት ዓመት ሙሉ የባሌ እናት ናት ያበላሸችው እያልኩ ኖሬአለሁ። እትዬ፣ እንዳይሰቀል። ብረቱ ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ የትም እንዳይታይ። ይማሉልኝ።"

የአባቴን አጥንት ብዬ ማልኩላት። ምን ላድርግ፣ ከትናንቱ በኋላ ይህን እንኳ ካላልኩ ምን ሰው ነኝ? ይህን ዛሬ የማወራላችሁ እሷ ራሷ ኋላ ስላወጣችው ነው።

እሷ ከወጣች ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሌላ ሰው አንኳኳ። ከዚያ ሌላ። የዚያ መስኮት ነገር ለካ ሁለት ምላስ ኖሮታል፤ አንዱ ሰውን አሳፈረ፣ ሌላው ግን "እድፍ የሌለበት ሰው የለም፣ ይህች ሴትዮ ደግሞ ታስለቅቃለች" ብሎ አወራልኝ። የተከበረው ሰው ሁሉ ሣጥኑ ሥር የደበቀው አንድ አንድ ጉድ አለው። ሱፍ በፌስታል፣ ቀሚስ በትራስ ልብስ፣ አንዱ እንዲያውም የእንግዳ ክፍል መጋረጃ በጊታር ማስቀመጫ ይዞ መጣ። መተላለፊያው ውስጥ ሰልፍ ነበር፤ ግን ማንም ሰልፍ ላይ አይመስልም። አንዱ ጫማውን ያስራል፣ አንዷ ግድግዳውን ታደንቃለች፣ ሌላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ብቻውን ያወራል። ሁሉም ምክንያቱን ነገሩኝ፤ ሁሉም አስማሉኝ። ዓርብ ከሰዓት ጓዳው እስከ ጣሪያው ሞልቶ በገንዳዎቹ መሀል የምቆምበት ጠፋ።

ብረቱ ግን ባዶ ነው።

"አክስቴ፣ ነገ ቅዳሜ ነው" አለች ባትሪ። "ጓዳው ውስጥ ብረቱን ሦስት ጊዜ የሚሞላ ልብስ አለ። ገልብጠን እንስቀለው፤ ውስጡን ወደ ውጪ። ማን ያውቀዋል?"

"የፖስታ ቤቷን ካፖርት ገልብጠሽ ብትሰቅዪው ባሏ አያውቀውም?"

"አባዬ ብቻ ነው የሚያየው፤ አንድ ደቂቃ።"

"ምያለሁ።"

"ቤቱን ይወስደዋል እኮ።"

"ይውሰደው። አንዴ ገበና አወጣሁ፤ ሁለተኛ ካወጣሁ እኔን ማን ይሸፍነኛል?" አልኳት። ይህን ስል ድምፄ ኮስተር ያለ ነበር። ግን ፈርቼ ነበር። ያቺ ለስላሳ ወንበር አፏን ከፍታ የምትጠብቀኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ በማለዳ ጓዳው አሁንም ሰው አላጣም። ፀጉር አስተካካዩ ሸሚዙን መልሶ አምጥቷል፤ አዲስ የከንፈር ቀለም ነክቶት ራሱ ሊያጥበው ሞክሮ እድፉን አስፍቶታል። ፋርማሲስቷ ጋዋኗን ይዛ ከኋላው ገባች፤ እሷም ፀጉሯን እንደገና ቀብታ የነካውን ራሷ ልታጥብ ሞክራለች፤ ጋዋኑ አሁን ግማሹ ጥቁር ነው። ከሁሉ ያስደነቀኝ ዳይሬክተሩ መምጣታቸው ነው፤ በፌስታል ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። የፖስታ ቤቷም ካፖርቷን ልታይ ብቅ ብላለች። ገና የማንንም ሳልቀበል የፊት በሩ ተከፈተ። አራት ሰዓት ሆኗል። "ድምፅ እንዳይሰማ" ብዬ የጓዳውን በር ዘግቼባቸው ወጣሁ።

ጋሼ ያንኑ ኮት ለብሶ ቆሟል። አማቹ ሜትር ይዞ ከኋላው ነው፤ በአንሶላ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር ግድግዳ ላይ አስደግፏል። ከአንሶላው ሥር አረንጓዴ ጫፍ ይታያል። ባትሪ ጠረጴዛውን ጭምድድ አድርጋ ይዛ ቆማለች።

ጋሼ ብረቱን አየ። ሽርጤ ብቻዋን ተንጠልጥላለች።

"ባዶ ነው" አለ።

"ባዶ ነው።"

"ብረቱ ካልሞላ ቁልፉን ትሰጪኛለሽ ብለን ነበር። የምትዪው አለ?"

ባትሪ አፏን ልትከፍት ስትል ጎኗን ቆነጠጥኳት። "የለኝም" አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ የምናገረው አልነበረኝም።

አማቹ ግድግዳውን መለካት ጀመረ። ጥሩ ልጅ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚለካው። ለካና "ጓዳውንም ልይ?" አለ። በሩ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

"ጓዳው አይገባም።"

"ለምን?" አለ ጋሼ።

"ሰው አለ።"

"ማን?"

"አልናገርም።"

በዚህ መሀል ከበሩ ኋላ አንድ ሰው አነጠሰ። የሳሙና ዱቄት ነው፤ ያልለመደው አይችለውም። ወፍራም የወንድ ማነጠስ ነበር።

"ወንድ ነው" አለ አማቹ በቀስታ።

ጋሼ ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "በዚህ ዕድሜሽ?" አለኝ።

"ዕድሜዬ ምን ሆነ?" አልኩት። ቤቴን ሊወስድ መጥቶ ደግሞ ዕድሜዬን ይቆጥርብኛል።

የጓዳው በር ከኋላዬ ተከፈተ። ዳይሬክተሩ ወጡ። ዓይናቸው በሳሙና ቀልቷል። ለጋሼ እጅ ነሡና "የተናገራችሁት ሁሉ ተሰምቷል፤ በሩ ስስ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "እትዬ፣ መስቀያ ይስጡኝ" አሉ። ሰጠኋቸው። ከጋዜጣው ውስጥ ግራጫውን ሱሪ አውጥተው ብረቱ ላይ ሰቀሉት፤ መቀመጫውን ወደ መስኮቱ፣ ወደ መንገዱ አዙረው።

"ቸኮሌት ነው" አሉ ለጋሼ። "ዳግመኛ ተቀመጥኩበት።"

ፋርማሲስቷ ተከትላ ወጣች። ጋዋኗን ሰቀለች። "ከሃያ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ሸብቻለሁ" አለች፤ ለማን እንዳለችው አላውቅም።

ፀጉር አስተካካዩ ሸሚዙን ይዞ ወጣ። ሰቀለውና "እናቴ አይደለችም" አለ። ፋርማሲስቷ መሬት መሬቱን አየች። እኔ የከንፈሯን ቀለም አየሁ፤ ከሸሚዙ ጋር አንድ ነው። ይህን ግን ወረቀት ላይ አልጻፍኩትም፤ ተምሬአለሁ።

የፖስታ ቤቷ ካፖርቷን ስትሰቅል አለቀሰች። "የባሌ እናት አይደለችም፣ እኔ ነኝ" አለች። ከዚያ መተላለፊያው ውስጥ ጫማውን ሲያስር የነበረው ሁሉ ሰምቶ ገባ። እያንዳንዱ ከጓዳው ክምር ውስጥ የራሱን እየጎተተ፣ እድፉን ወደ ውጪ አዙሮ ሰቀለ። መጋረጃውም ተሰቀለ። ብረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ መሀሉ ጎበጠ፤ በስተግራ ያለው ጫፉ ከግድግዳው ሊነቀል ሲል አማቹ ሜትሩን ጥሎ ሮጠና በትከሻው ደገፈው። እዚያው ቆመ። ብንለቀው ሁሉም ስለሚወርድ ባትሪ አናጢ ይዛ እስክትመጣ ምሳውን እያጎረስነው ቆሞ ዋለ።

የሰው ገበና ባወጣሁ በአራተኛው ቀን ሰው የራሱን ገበና አውጥቶ ሸፈነኝ። አለቀስኩ፤ ሽርጤም ከልብሱ ሥር ተቀብራ ዓይኔን የምጠርግበት አጣሁ።

ሰዉ ሲበተን ጋሼ አልሄደም። ብረቱን አየ፤ በአንሶላ የተጠቀለለውን ታፔላ አየ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው፤ ቀኝ እጅጌውን ወደ ላይ አድርጎ።

"ይህ ይለቃል?" አለኝ።

እጅጌውን አገላብጬ አየሁት። "ሦስት ሳምንት ሰንብቷል። የሰነበተ ያስቸግራል።"

"አይለቅም ማለት ነው?"

"ይለቃል። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይለቃል።"

እንደ ደንቤ ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳሁ። የወንድሜ ኮት ብዬ ጻፍኩ። ቀኝ እጅጌ። አረንጓዴ የዘይት ቀለም። ምክንያት የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ጋሼ እስክሪብቶዬን ነው የሚያየው፤ እንደ ልጅነታችን፣ አባባ ፊት ጥፋት ሠርቶ እንደሚቆመው ነው የቆመው። "ቸኮለ" ብዬ ጻፍኩ።

ጎንበስ ብሎ አነበበው። "ትንሽ ቸኮለ በዪው" አለ ቀስ ብሎ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ውሸት አልችልበትም" አልኩትና ወረቀቱን በስፒል ሰካሁት።